«አይቻታለሁ» ያልኩባት ጠዋት

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር አራተኛ ክፍል ሳለሁ የነበሩት ጠዋቶች ይመጡብኛል። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይሁን ገና የታጠበ የሆቴል ደረጃ ላይ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው እግሬ ቆም ይላል። ወዲያው ከአጠና ተራ ከፍ ብሎ የነበረው የትምህርት ቤታችን ግቢ ይታየኛል። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ልጣጭ፣ የጢስና የበረኪና ሽታ ተደባልቆበታል። ኮልፌ ያደጉ እኩዮቼ ያን ዓመት አይረሱትም። የበሽታውን ስም ግን አብዛኞቻችን ያወቅነው ካለፈ በኋላ ነው። ሬዲዮ አይጠራውም፣ ትልልቆቹም አይጠሩትም ነበር። «እገሌ ቤት ያ ነገር ገባ» ይባላል፣ ከዚያ ድምፅ ይቀነሳል። ኮሌራ ነበር።

በዓይኔ ያየሁትን በኋላ ከሰማሁት ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ። በመጀመሪያ ያየሁት ኖራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከቤታችን በላይ ያለ አንድ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሶ አየሁ። በሩ ተቆልፏል፣ ውሻው ግን ከውስጥ ይጮኻል። በሁለተኛው ሳምንት ኖራው በሦስት ደጅ ሆነ። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ባዶውን ቀረ፤ ድንጋዮቹ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ አረንጓዴዋ መጣች። ሸራ የለበሰች የጤና መኪና ነበረች፤ ስም ያወጣንላት እኛ ልጆቹ ነን። ዳገቱን ስትወጣ ሞተሯ እንደሚያስል ሰው ያጓራል። ድምፁን የሰማ ሁሉ በሩን ይዘጋል። የታመመ ሰው ጭና ከሰፈሩ በታች ሜዳው ላይ ወደተተከሉት ድንኳኖች ትወስዳለች። ከዚያ የተመለሱም ነበሩ። ሰው የሚያወራው ግን ስላልተመለሱት ነው። የሞተውን ሰው ጭንብል ያሰሩ ሠራተኞች ራሳቸው ወስደው ኖራ ደፍተውበት ይቀብሩታል። እድር አይጠራም፣ ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶ አይደረስም። ቤተሰቡ መቃብሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል ይባል ነበር።

እናቴ ነጭ ሽንኩርት በክር ሰክታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፌጦ ታስልሰኛለች። አባቴ አናጢ ነበር። ያን ሰሞን የሚሠራውን ከደጅ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ምን እንደሚሠራ እንዳናይ ይመስለኛል። ሳንቃው ግን ረጅምና ጠባብ እንደነበር አይቻለሁ።

ትምህርት ቤታችን አልተዘጋም። ዲሬክተራችን ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው የተናገሩትን አስታውሳለሁ፤ «በየቤታችሁ ተበትናችሁ ማን እንደታመመ ሳናውቅ ከምንቀር፣ እዚህ ዓይናችን ሥር ብትሆኑ ይሻላል» አሉ። ትክክል ነበሩ ወይስ አልነበሩም፣ ዛሬም ሐኪሞች የሚከራከሩበት ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዳችን ጠዋት ስንመጣ አንዳንድ እንጨት ወይም አንድ እቅፍ ልጣጭ ከአጠና ተራ ይዘን እንመጣለን። እማማ ብርቄ የሚባሉ የጽዳት ሠራተኛ በሁለት ትልልቅ በርሜሎች ውኃ ያፈላሉ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ስማችን በቀለም በተጻፈበት በየራሳችን ጣሳ ይቀዱልናል። ጢስ ጢስ ይላል። ከጓደኛ ጣሳ የጠጣ ይገረፋል፣ ቆሎ የተካፈለ ይገረፋል። እጃችንን በእንዶድ ታጥበን፣ በመጨረሻ በረኪና የነካው ውኃ ላይ ነክረን ነበር የምንገባው። ጣቶቻችን ተላልጠው ነበር።

የክፍላችን አስተማሪ ጋሼ ታፈሰ ይባላሉ። ቀጭን፣ ካፖርታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ የማይስቁ ሰው ነበሩ። ሌላ ትምህርት ቤት ያላየሁትን ነገር ያመጡት እሳቸው ናቸው። ክፍሉን ጥንድ ጥንድ አድርገው በየሰፈራችን ከፈሉን። እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ በጓደኛው ደጅ ማለፍ አለበት። ስም ሲጠራ የተጠራው ልጅ «አቤት» አይልም፤ የሚመልስለት ጓደኛው ነው። «ደህና አድሯል ጋሼ፣ አይቼዋለሁ» ይላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሼ ታፈሰ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈውት ማንም እንዲያጠፋው አይፈቅዱም ነበር፦ በዓይንህ ካላየህ አይቻለሁ አትበል።

መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር። በየደጁ «ምላስሽን አውጪ!»፣ «አንተ መጀመሪያ ያንተን አሳየኝ፣ ዶክተር ነኝ ባይ!» እየተባባልን እንሳሳቃለን። ሽፈራው የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነበረን። «አየር ጤና የሚባል ሰፈር ያሉት እንኳ ከታመሙ እኛ ኮልፌዎች ምን ይውጠን?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው፤ ጋሼ ታፈሰም ጆሮውን ጠመዘዙት። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአንድ ልጅ ስም ተጠርቶ፣ መልስ ሰጪው ቀስ ብሎ ተነሣ። ከዚያ «አላየሁትም ጋሼ። ደጃቸው ላይ ኖራ ነበር» አለ። ጋሼ ታፈሰ መዝገቡ ላይ ምንም ሳይጽፉ ወደ ቀጣዩ ስም አለፉ። ከዚያ ጠዋት በኋላ ማንም አልሳቀም። ስም ሲጠራ የሚሰማው የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ ነበር።

የእኔ ጥንድ ዘነበች ናት። ቤታችን በአንድ ቅያስ ይለያያል። ወላጆቿ ከከፋ በኩል ከመጡ ብዙ ዓመታቸው ነበር። አባቷ ኮረሪማና ማር ነጋዴ ስለሆኑ ግቢያቸው ሁልጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፤ ዘነበች ራሷም፣ ደብተሯም ሳይቀር፣ ኮረሪማ ይሸቱ ነበር። ከእኔ በቁመት ትበልጣለች፣ በሒሳብ ትበልጣለች፣ በሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ደግሞ ማንም አይችላትም። ያን ሰሞን አባቷ ለንግድ ወርደው መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ በየኬላው ተጓዥ እየተያዘ ነው ይባል ነበር። ቤት ያሉት ዘነበችና እናቷ እትዬ አየለች ብቻ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእትዬ አየለች አባት፣ ዘነበች «አባባ» የምትላቸው ሽማግሌ፣ ታመው አረንጓዴዋ ወስዳቸዋለች። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው መጥቶ መሞታቸውን ነገረ። የት እንደተቀበሩ ሲጠየቅ አላውቅም አለ። እትዬ አየለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ጎረቤቱ ፈርቶ አልገባም። እናቴ እንኳ ከአጥር ውጭ ቆማ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ ነው የተመለሰችው።

ያን ቀን ጠዋት ሰማዩ ከንጋቱ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ግን አልወረደም። ሁለት ሰዓት ላይ የዘነበች ቤት ደረስኩ። የቆርቆሮውን በር ሳንኳኳ እንደ ወትሮው እሷ ሮጣ አልመጣችም። እትዬ አየለች በሩን ስንዝር ያህል ገፋ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን የበሩ ጠርዝ ላይ አድርገው ቆሙ። እንዳልገባ የከለከሉኝ መሰለኝ።

«ዘነበች ዛሬ አትመጣም ጥሩዬ፤ ኮረሪማ ትለቅምልኛለች» አሉኝ።

«ልያትና ልሂድ እትዬ። ጋሼ ይጠይቁኛል።»

«ደህና ናት አልኩሽ እኮ። ምን ልታዪ ነው?»

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ሂጂ ጥሩዬ፣ ነገ እመጣለሁ» የሚል ነበር። የዘነበች አነጋገር ነው፤ ድምፁ ግን የእሷ አልመሰለኝም። ቀጭን፣ የደረቀ፣ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረቅ ቅጠል መሃል የሚወጣ ይመስል ነበር። እትዬ አየለች ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አዩ መሰለኝ፣ አጎንብሰው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ጥሩወርቅ፣ ስሚኝ ልጄ። አባቴን ወስደው ምን እንዳደረጉት አላውቅም። እሷን ከወሰዱብኝ አላገኛትም። ሞትስ ለሁሉም ነው፤ እንደ ውሻ ያለ ለቅሶ መጣል ግን... ትንሽ ሆዷን ነው የነካት፤ ሌሊቱን ሰጥቻታለሁ መድኃኒት። አይቻታለሁ በይ። በሚካኤል ይዤሻለሁ።»

እኛ ቤት ሚካኤል ይከበራል። በስሙ የተያዘ ሰው እንደማያፈርስ ከእናቴ ተምሬያለሁ። ደግሞ ዘነበችን እወዳታለሁ፤ አረንጓዴዋ ስትወስዳት፣ እኔ ነግሬባት ስትወስዳት፣ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። «እሺ» ብዬ ሄድኩ።

ስም ሲጠራ የዘነበች ተራ ደረሰ። ቆምኩ። «ደህና አድራለች ጋሼ፤ ኮረሪማ እየለቀመች ነው ቤት የቀረችው» አልኩ። ጋሼ ታፈሰ ከመዝገቡ ቀና አሉ።

«አይተሻታል?»

የሰሌዳው ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ ከፊቴ ነበር። «አይቻታለሁ» አልኩ። ምልክት አደረጉና ወደ ቀጣዩ ስም አለፉ። በሕይወቴ እንደዚያ በቀላሉ የታመንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ስንለቀቅ በእነዘነበች ቅያስ ማለፍ ነበረብኝ፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ስመለስም ዞሬ መጣሁ። እናቴ «ምነው ዛሬ አልበላ አለሽ?» ብላ ግንባሬን ነካች። ያን ጊዜ ልጅ ካልበላ እናት ከበሽታው ሌላ ነገር አታስብም ነበር። ደህና መሆኔን ለማሳየት ስል በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ከዲሬክተሩ ጋር ወደ ክፍላችን ገባ። በየክፍሉ እየዞረ የሚያስተምር ነበር። የበሽታውን ስም ሳይጠራ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነገረን። ሩዝ የታጠበበት ውኃ የሚመስል ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ የሚጎደጉድ ዓይን። ሽፈራውን ወደ ፊት ጠርቶ የእጁን ቆዳ ቆነጠጠው፤ «የደህና ሰው ቆዳ እንዲህ ወዲያው ይመለሳል፤ የታመመ ሰው ቆዳ ግን እንደተቆነጠጠ ይቆያል» አለን። ከዚያ ቀጠለና «ድምፅ ይሰልላል። ዘመድህ ሲናገር የሌላ ሰው ድምፅ ይመስልሃል» አለ።

አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ይድናል?» ብላ ጠየቀች።

«በጊዜ ከመጣ ይድናል። በደም ሥሩ ውኃ እንሰጠዋለን፣ ተነሥቶ ይሄዳል። የሚሞቱት የሚደበቁት ናቸው» አለ። ወደ በሩ እየሄደ ዞር አለና፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? ተረት አይደለም። ጠዋት የጀመረው ማታን ላያይ ይችላል» ብሎ ወጣ።

ድሬሰሩ ከወጣ በኋላ ሒሳብ ነበር። ጋሼ ታፈሰ ማካፈል አስተማሩን። አንድም ቁጥር አልጻፍኩም። በመስኮት ሰማዩ የበለጠ ጠቁሯል፤ ከሩቅ አረንጓዴዋ ዳገት ስትወጣ ይሰማኛል፣ ትቀርባለች፣ ከዚያ ትርቃለች። ያን ሰዓት ያሳለፍኩበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሚካኤልን ፈርቼ ነው እል ነበር፤ እሱ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ውሸታም መባልን ፈርቼ ነው። ሌላው ግማሽ ይኸው ነው። በመጨረሻ የተነሣሁት ደወሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲመታ ነው፤ ወደ ጋሼ ታፈሰ ጠረጴዛ ሄጄ፣ ጠመኔ የያዘ እጃቸውን እያየሁ፣ «ዘነበችን አላየኋትም» አልኳቸው።

አልመቱኝም። ጠመኔውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ድምፅዋን ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንዴት ነበር?»

«የሷ አይመስልም።»

ለሽፈራው ክፍሉን እንዲጠብቅ ነገሩት፤ አንድ ልጅ ለዲሬክተሩ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ሮጠ። እኛ ቁልቁለቱን ወረድን። ረጅም እግር ነበራቸውና ከኋላቸው እሮጥ ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «አታልቅሺ፤ አሁን የምታሳዪኝ መንገዱን ነው።»

የቆርቆሮውን በር ሲያንኳኩ እትዬ አየለች ብዙ ቆይተው ከፈቱት። እንደ ጠዋቱ ሁለት እጃቸው የበሩ ጠርዝ ላይ ነው። ፈርቼ ከጋሼ ካፖርት ሥር ተጠጋሁ። እትዬ አየለች እኔን አላዩኝም፤ ወይም ሊያዩኝ አልፈለጉም።

«ልጄን ልትወስዱ ነው የመጣችሁት» አሉ።

«ልጅዎ ተማሪዬ ናት እትዬ አየለች።»

«ተማሪዎ ከሆነች ነገ ትመጣለች።»

«ነገ የለም» አሉ ጋሼ ታፈሰ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስም ስጠራ የሚመልስልኝ ሰው ያጣሁባቸው ልጆች አሉ፤ ለዚህ ነው እንዲህ የምልዎት።»

«አባቴን የት እንደጣሉት አልነገራችሁኝም!»

«አልነገርንዎትም። ልክ ነዎት።» እትዬ አየለችን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷቸው። «እርስዎንስ መቼ ጀመረዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«እጅዎን ከበሩ ያንሡ እስቲ።»

እትዬ አየለች አንድ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ በሩን ታክከው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ሊከለክሉኝ የቆሙ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለመቆም ነበር የያዙት። እኔ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ ያየሁትን ግን አላየሁትም።

ጋሼ ታፈሰ አልነኳቸውም፤ ግን ቁመታቸው እትዬ አየለች ካሉበት እስኪደርስ ቁጢጥ አሉ። «ለሁለታችሁም ለቅሶ አይቀርም» አሏቸው። «ካስፈለገ ነው የምልዎት። እግዚአብሔር አያድርገውና ካስፈለገ፣ ሰው ሳያለቅስላችሁ አትቀበሩም። ቃሌ ነው።» እትዬ አየለች ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አዩዋቸው። ከዚያ በሩን ለቀቁት።

ዲሬክተሩ ያስጠሯት አረንጓዴዋ ደረሰች። ዘነበችን በጋቢ ጠቅልለው ሲያወጧት ያን ጊዜ አየኋት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው ፊቷ የአሮጊት ፊት መስሎ ነበር። እኔን አየችኝ። እትዬ አየለችን በእግራቸው ደግፈው አስገቧቸው፤ የመኪናዋ ደረጃ ላይ እግራቸውን ሲያነሡ ነጠላቸው ወደቀ፣ ማንም አላነሣውም። ዝናቡ የጀመረው ከሄዱ በኋላ ነው።

እትዬ አየለች በማግስቱ ሞቱ። ዜናውን ያመጣው ያው ድሬሰር ነው፤ ልጅቷ ግን ውኃው በደም ሥሯ ገብቶ ድምፅዋ መመለስ ጀምሯል አለ። ቀጥሎ የሆነውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱም የዲሬክተሩ ቢሮ መስኮት ከክፍላችን ጥግ ነበር። ጋሼ ታፈሰ ለቅሶ እንዲደረግ ጠየቁ። ዲሬክተሩ ተቆጡ፤ ለለቅሶ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን፣ ጤና ጥበቃዎቹ ቢሰሙ ትምህርት ቤቱን እንደሚዘጉት ተናገሩ። ጋሼ ታፈሰ የመለሱት አጭር ነበር፤ «መሰብሰብ አያስፈልገንም ጌታዬ። ተሰብስበን ነው ያለነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ወደየክፍላችን አልገባንም። ጋሼ ታፈሰ እጅ ለእጅ በማይደራረስ ርቀት ጥንድ ጥንድ አድርገው አቆሙን። የእኔ ጎን ባዶ ነበር። «ዛሬ ወይዘሮ አየለችን እናለቅሳለን» አሉ። ልጅ በትእዛዝ እንዴት ያለቅሳል? መሬት መሬት አየን። አንድ ሁለት ልጆች እንደማፈር ብለው ተቁነጠነጡ። ከዚያ በርሜሉ አጠገብ የቆሙት እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በቀጭን ድምፅ ሙሾ ጀመሩ። የእትዬ አየለችን ስም ጠሩ፤ ከዚያ ሳይጠየቁ የሟቿን አባት ስም፣ ቀጥሎ ከሰፈሩ የተወሰዱትን ሰዎች ስም እየጠሩ አወረዱት። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ከገዛ ደጃፏ ሆና መለሰች። ከዚያ ከታችኛው ቅያስ ሌላ፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ሌላ። ማንም ከደጁ አልወጣም። ግን ከአጠና ተራ እስከ ወንዙ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ በየበሩ ቆሞ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም፤ ያስፈራል፤ ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። ዲሬክተሩም ኮፍያቸውን አውልቀው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው አየኋቸው።

ዘነበች ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሰች። ከስታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የሰው ቀሚስ ለብሳ ነበር። አባቷ ከመንገድ እስኪደርሱ እማማ ብርቄ ቤት እንድትቆይ ተደርጓል። ጋሼ ታፈሰ ክፍሉን በሰልፍ አቁመው በየተራችን ፊት ለፊቷ ቆመን «እግዜር ያጽናሽ» እንድንላት አደረጉን፤ ሽፈራው እንኳ አቀርቅሮ አለ። የእኔ ተራ መጨረሻ ነበር። እግዜር ያጽናሽ አልኳት። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ፤ ድምፅዋ ተመልሷል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነገርሻቸው?» አለችኝ።

ለመዋሸት አሰብኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ልላት እችል ነበር፤ ማንም አይከራከረኝም። «ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት።

ጣቶቿን አላጠፈችም፣ ግን ስትቆጥር አየኋት። በሒሳብ ሁልጊዜ ትበልጠኝ ነበር። ከሁለት እስከ ዘጠኝ። ከዚያ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ወንበሯ ሄደች። ለወቀሳ ይሁን፣ ለማወቅ ብቻ ይሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አባቷ በሳምንቱ መጥተው ይዘዋት ወደ አገራቸው ወረዱ። ስንብት አልነበረም።

ያ ሰፈር ዛሬ አይታወቅም። ወንዙ ዳር ፎቅ ቆሟል። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል በየመንገዱ ክሊኒክ አለ። ያን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ብቻ ይገኝ የነበረው ውኃ ዛሬ የሚበጠበጥ ዱቄት ሆኖ በየፋርማሲው በትንሽ ፓኬት ይሸጣል። የቅርቡ ወረርሽኝ ሲመጣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ምክንያት ነበራቸው፣ አልፈርድባቸውም። ለእህቴ ልጅ አስተማሪዋ ጠዋት ጠዋት በስልክ መልእክት ትልክላት ነበር፤ ልጆቹ በሙሉ አውራ ጣት ያቀናች ትንሽ ሥዕል ይመልሱ ነበር። የአንዷ ልጅ አባት ሲሞት የክፍል ጓደኞቿ የሰሙት ከወር በኋላ ነው፤ ልጅቷ በየጠዋቱ አውራ ጣቷን ስትልክ ነበር። ለቅሶው ላይ በሕጉ መሠረት ጥቂት ሰው ተራርቆ ቆመ፣ ቶሎም ተበተነ። የበለጠ እናውቃለን፤ ያነሰ እንሞታለን፤ ይህ እውነት ነውና መመስከር አለብኝ። ግን ያ የሚያስፈራን፣ የሚገርፈን፣ በየደጁ የሚልከን ትምህርት ቤት ይናፍቀኛል። ማን እንደጎደለ ያውቅ ነበር፤ ለጎደለውም ቆሞ ያለቅስ ነበር።

ዘነበች በሕይወት ካለች ስልሳን አልፋለች። በሥራ ምክንያት ወደ ከፋ በወረድኩ ቁጥር ኮረሪማ ነጋዴዎችን ስሟን እየጠራሁ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ባገኛት የምጨምርላት አዲስ ነገር የለኝም። ሰው ሲያረጅ ለራሱ ማቅለያ ያገኛል ይባላል፤ ልጅ ነበርሽ ይሉኛል፣ በሚካኤል ተይዘሽ ነበር ይሉኛል። እሷ ግን የጠየቀችው ስለዚያ አይደለም። የጠየቀችው ሰዓቱን ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ዘጠኝ ነበር።